የፈረንጅ ቃሪያ ዘርን በቤት ውስጥ ስለማብቀል

የፈረንጅ ቃሪያ በጓሮ፣ በሰገነት ወይም በዕቃ ውስጥ ሊለማ የሚችል አትክልት ነው። ሆኖም ዘሩ ከጎመንና ከሰላጣ ዘር ይበልጥ ሙቀት ይፈልጋል። በመሆኑም በደጋና በወይና ደጋ አካባቢዎች በቀጥታ መሬት ላይ ሲዘራ ዘግይቶ ይበቅላል፤ አልፎ አልፎም ሳይበቅል በአፈር ውስጥ ይበሰብሳል። ይህ መረጃ የተዘጋጀው ዜጎች በገንዘባቸው የገዙትን ዘር ሳያባክኑ በቤታቸው ጤናማ ችግኝ ማፍላት እንዲችሉ ነው።

1. የዘር አመራረጥ

ዘር ሲገዛ በማሸጊያው ላይ የዝርያው ስም፣ የመብቀል አቅሙ በመቶኛ እንዲሁም የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜው መገለጹን ማረጋገጥ ይገባል። በኬሚካል የታሸ ዘር ብዙውን ጊዜ ቀለም ስለሚኖረው ይለያል፤ ይህን ዘር በባዶ እጅ መንካትም ሆነ ለምግብነት መጠቀም ፈጽሞ አይገባም።

ከፍሬ ላይ ዘር ለመያዝ የሚፈልግ ሰው የሚከተሉትን ነጥቦች ልብ ሊል ይገባል፦
• አረንጓዴ ፍሬ ገና ያልበሰለ በመሆኑ ዘሩ በአግባቡ ላይበቅል ይችላል። ዘር የሚያዘው ሙሉ በሙሉ ቀልቶ ወይም ቢጫ ሆኖ ከበሰለ ፍሬ ነው።
• ከዲቃላ ዝርያ የተያዘ ዘር የእናቱን ተክል ዓይነት ፍሬ አይሰጥም።
• የፈረንጅ ቃሪያ በሚያቃጥል ቃሪያ ወይም በበርበሬ አጠገብ ከለማ ሊዳቀል ይችላል። የዚያ ዓመት ፍሬ ጣዕሙን ባይለውጥም፣ ከእርሱ ዘር የሚበቅለው ተክል የሚያቃጥል ፍሬ ሊያፈራ ይችላል።

2. የመብቀል አቅምን መፈተሽ

ዘሩ የቆየ ከሆነ ከመዝራት አስቀድሞ መፈተሽ ይመከራል። 10 ዘሮችን በረጠበ ለስላሳ ወረቀት ጠቅልሎ፣ በፌስታል ከቶ፣ ሞቅ ባለ ስፍራ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በ14 ቀናት ውስጥ 8ቱ ከበቀሉ ዘሩ ጥሩ ነው። 5ቱ ብቻ ከበቀሉ በእጥፍ መዝራት፣ ከዚያ ካነሱ ደግሞ ሌላ ዘር መፈለግ ይሻላል።

3. የሙቀት መጠን

ለመብቀል ከሁሉ በላይ ወሳኙ የአፈሩ ሙቀት ነው። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሙቀት ዘሩ ከ7 እስከ 10 ቀናት ውስጥ ይበቅላል። ሙቀቱ ወደ 20 ዲግሪ ሲወርድ ሁለት ሳምንት ገደማ፣ ወደ 15 ዲግሪ ሲወርድ ደግሞ ከሦስት ሳምንት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ከ10 ዲግሪ በታች ዘሩ አይበቅልም።

በአዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት የሌሊቱ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ቀን ፀሐይ የሚያገኘውን ዕቃ ማታ ወደ ቤት ማስገባት ያስፈልጋል። የማቀዝቀዣ አናት ወይም ሞቅ ያለ የማዕድ ቤት ጥግ ተስማሚ ነው። ዕቃውን በጋለ ምጣድ ላይ ወይም ከምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ግን ዘሩን ሊገድለው ይችላል።

4. የአፈር ዝግጅትና አዘራር

• ሁለት እጅ ለም አፈር፣ አንድ እጅ በሚገባ የበሰለ ኮምፖስትና አንድ እጅ አሸዋ ማደባለቅ፤
• በሽታን ለመቀነስ በድብልቁ ላይ የፈላ ውኃ አፍስሶ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ፤
• የእርጎ ዕቃ ወይም የተቆረጠ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ታች በመብሳት ድብልቁን መሙላት፤
• ዘሩን ከግማሽ እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት መዝራት፤
• ውኃ በስሱ አርከፍክፎ ዕቃውን በፌስታል መሸፈን።

አፈሩ እርጥብ እንጂ የጨቀየ መሆን የለበትም። ዘሩ ሲዘገይ ውኃ መጨመር የተለመደ ስሕተት ነው፤ በቀዝቃዛ አፈር ላይ ውኃ ማብዛት ዘሩን ያበሰብሰዋል። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው ዕቃውን ወደ ሞቀ ስፍራ ማዛወር ነው።

5. ከበቀለ በኋላ የሚደረግ እንክብካቤ

የመጀመሪያው ቡቃያ እንደታየ ሽፋኑን ማንሣትና ዕቃውን ብርሃን ወዳለበት መስኮት ማቅረብ ያስፈልጋል። ብርሃን ያነሰው ችግኝ ቀጥኖ ይረዝማል። ችግኝን ከግርጌው አበስብሶ የሚጥል በሽታ በእርጥበትና በአየር እጥረት ስለሚባባስ፣ ውኃ የሚጠጣው የአፈሩ ገጽ መድረቅ ሲጀምር ነው። ትንባሆ የሚያጨስ ሰው ችግኙን ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና መታጠብ አለበት፤ የትንባሆ ቫይረስ ቃሪያንም ያጠቃልና።

6. ማዛወር

ችግኙ ከተዘራ ከ6 እስከ 8 ሳምንታት በኋላ፣ ከ5 እስከ 6 እውነተኛ ቅጠሎች ሲያወጣ ለመዛወር ይደርሳል። ከዚያ በፊት ከ7 እስከ 10 ቀናት በየዕለቱ ጥቂት በጥቂት እያስረዘሙ ከውጭ አየርና ፀሐይ ጋር ማላመድ ይገባል። በየካቲት መጀመሪያ ለማዛወር ያሰበ ሰው በታኅሣሥ አጋማሽ መዝራት አለበት። የውርጭ ስጋት ባለባቸው አካባቢዎች ስጋቱ ሳያልፍ ማዛወር አይመከርም።

7. ተጨማሪ ድጋፍ

ለአካባቢው ተስማሚ ስለሆነው ዝርያና ስለመዝሪያ ጊዜው በአቅራቢያ የሚገኘውን የግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ማማከር ይቻላል። የተገዛው ዘር በተገቢው ሙቀት ተዘርቶ ካልበቀለ አቤቱታ ለማቅረብ እንዲያገለግል፣ የዘሩን ማሸጊያና የግዥ ደረሰኙን መያዝ ያስፈልጋል።