የአፍንጫ መታፈን ምዘና በወቅታዊ አለርጂ በተያዙ ልጆች

የአፍንጫ መታፈን ምዘና ማለት የልጁ አፍንጫ ምን ያህል እንደተዘጋና ይህም እንቅልፉንና የቀን ውሎውን እንዴት እንደሚጎዳ ለማወቅ የሚደረግ ምርመራ ነው። ወቅታዊ አለርጂ የሣር፣ የዛፍ ወይም የአረም አበባ ብናኝ በአየር ላይ በሚበዛበት ወቅት ይነሣል። በዚህ ጊዜ የአፍንጫው ውስጠኛ ሽፋን ስለሚያብጥ የአየር መተላለፊያው ይጠባል። ትንሽ ልጅ መታፈኑን በቃል ላይገልጽ ይችላል፤ የለመደውም ልጅ ችግር መሆኑን አያውቅም። ስለዚህ አንድ መለኪያ ብቻውን አይበቃም።

ምልክቶች

በአፍ መተንፈስ፣ ማንኮራፋት፣ የተረበሸ እንቅልፍና የቀን ድካም መታፈንን ይጠቁማሉ። ከዓይን ሥር የጠቆረ ጥላ፣ አፍንጫን በመዳፍ ወደ ላይ ደጋግሞ ማሸት፣ ከዚህም የተነሣ በአፍንጫ ላይ የሚወጣ አግድም መስመር ብዙ ጊዜ ይታያሉ።

የምልክት ነጥብ

መታፈን፣ ንፍጥ፣ ማሳከክና ማስነጠስ እያንዳንዳቸው ከ0 (የለም) እስከ 3 (ከባድ) ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ ድምሩ ከ12 ይታሰባል። ለትንንሽ ልጆች ነጥቡን ወላጅ ይሞላል። ሆኖም ማስነጠስና ንፍጥ ለወላጅ ሲታዩ መታፈን ግን በቀላሉ አይታይም፤ ስለዚህ ስለ ሌሊት አተነፋፈስ ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የመሣሪያ ልኬት

* የአፍንጫ አየር ፍሰት መለኪያ፦ ልጁ ጭንብል አድርጎ፣ አፉን ዘግቶ፣ በአፍንጫው በኃይል አየር ይስባል። ውጤቱ በሊትር በደቂቃ ይነበባል። መሣሪያው ቀላል ቢሆንም የልጁን ትብብር ይፈልጋል።
* ራይኖማኖሜትሪ፦ የአየር ግፊትንና ፍሰትን አንድ ላይ በመለካት የአፍንጫውን ተቃውሞ ያሰላል።
* አኩስቲክ ራይኖሜትሪ፦ ወደ አፍንጫ የተላከ ድምፅ ሲመለስ የመተላለፊያውን ስፋት ያሳያል። በኃይል መተንፈስ ስለማይጠይቅ ለትንንሽ ልጆች ይመቻል።

የልኬትና የስሜት ልዩነት

መሣሪያው የሚያሳየውና ልጁ የሚሰማው ሁልጊዜ አይገጥሙም። በብዙ ጤናማ ሰዎች ዘንድ ሁለቱ የአፍንጫ ቀዳዳዎች በየጥቂት ሰዓቱ እየተፈራረቁ ይጠባሉ፤ በመሆኑም አንዱን ብቻ መለካት ያሳስታል። ሜንቶል በበኩሉ መተላለፊያውን ሳያሰፋ አፍንጫው የተከፈተ ያስመስላል።

ከሌሎች መንስኤዎች መለየት

ያበጠ አዴኖይድ ዓመቱን ሙሉ ሊያፍን ይችላል። በአንድ ቀዳዳ ብቻ የሚወርድ መጥፎ ሽታ ያለው ንፍጥ፣ እንደ ሽምብራ ወይም ጨሌ ያለ ባዕድ ነገር ወደ ውስጥ መግባቱን ያስጠረጥራል። ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ወቅታዊ አለርጂ ብዙም ስለማይታይ መጀመሪያ ሌላ መንስኤ ይፈለጋል።