ፈቃድ የሚጠይቁ ወይዛዝርት

ልጅ ኢያሱ መስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ዘውዱ ለአክስታቸው፣ ለምኒልክ ልጅ ለዘውዲቱ ተሰጠ። ዘውዲቱ ግን ዙፋኑን ያገኙት ባላቸውን አጥተው ነው። ራስ ጉግሣ ወሌ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ በመሆናቸው የሸዋ መኳንንት ፈሯቸው፤ ከንግሥቲቱ ተለያይተው ወደ በጌምድር ተሸኙ። ትዳራቸው ለፖለቲካ ሲውል ለዘውዲቱ አዲስ አልነበረም። ገና በልጅነታቸው ለአፄ ዮሐንስ ልጅ ለአርአያ ሥላሴ የተዳሩት የሁለቱን አባቶች ስምምነት ለማጽናት ነበር።

የባላባት ሴት መብት አልነበራትም ማለት ግን ስሕተት ነው። ርስት ትወርስ፣ ጉልት ታዝ፣ ትዳሩ ካልተስማማትም ድርሻዋን ይዛ ትወጣ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ራሳቸው ምኒልክን ያገቡት ሌላ ትዳር አይተው ነው። የሚቸግረው የራሷን መንገድ መምረጥ ነበር፤ የትልቅ ሰው ልጅ በሄደችበት ሁሉ የቤቱ ክብር አብሯት ይሄድ ነበር፣ የሚጠብቀውም ብዙ ነበር።

ይህን እንደ ከንቲባ ገብሩ ደስታ ሁለት ሴት ልጆች አጥርቶ የሚያሳይ የለም። ከንቲባ ገብሩ በሚስዮናውያን ዘንድ የተማሩ፣ ጎንደርንና አዲስ አበባን ያስተዳደሩ፣ በ1911 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ከተላኩት መልእክተኞች አንዱ ነበሩ። ሴት ልጅ ሙያ ለምዳ ትዳር ትጠብቅ በሚባልበት ጊዜ ስንዱንና የውብዳርን ስዊዘርላንድ ልከው አስተማሩ። ትንሿ የውብዳር ስትሄድ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ቫዮሊንና ፒያኖ የተማረችው እዚያ ነው።

ጣሊያን ሲመጣ ይህ ሁሉ ተቋረጠ። ቤተሰቡ በ1929 ዓ.ም. ተግዞ አዚናራ ደሴት ታሰረ። ከድል በኋላ የውብዳር ካይሮ ሄደው ከፖላንዳዊው ቫዮሊን ተጫዋች ከአሌክሳንደር ኮንቶሮዊች ተማሩ። ቀጥሎም ለንደን ሄደው ሙዚቃ የማጥናት ዕድል መጣላቸው። ፈቃድ ተከለከሉ። አውሮፓን በልጅነት ያዩ፣ ቋንቋ የሚያውቁ፣ የታወቀ አባት ያላቸው ወይዘሪት በአንድ እንቢታ ቆሙ። ምግብ አልቀምስም ብለው ለሞት ከተቃረቡ በኋላ ወደ ተራራማው የግሸን ማርያም ገዳም ገቡ፤ መነኮሱ፤ እማሆይ ጽጌማርያም ተባሉ። ዐሥር ዓመት ያህል በዚያ ተራራ ላይ በባዶ እግራቸው ኖሩ።

ይህን ሽንፈት አድርጎ ማየት ይቀናናል። ይሁንና ገዳም ለኢትዮጵያ ወይዛዝርት የቆየ መውጫ ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን ወለተ ጴጥሮስ የአፄ ሱስንዮስን ባለሟል ባላቸውን ትተው መንነው፣ ንጉሡ የተቀበሉትን የካቶሊክ እምነት ተቃውመው፣ በጣና ዙሪያ የራሳቸውን ማኅበር መርተዋል። የመነኮሰችን ሴት ማንም አይድራትም፤ ለምን አታገቢም ብሎ የሚጨቀጭቃትም የለም።

ታላቅየዋ ስንዱ በሌላ በር ወጡ። የእቴጌ መነን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ኃላፊ ሆኑ፤ ግጥምና ተውኔት ጻፉ፤ ለተማሪዎቻቸውም መድረክ አዘጋጁ። ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. የታወጀው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሴቶችም የመምረጥና የመመረጥ መብት ሲሰጥ፣ በመጀመሪያው ምርጫ ተወዳድረው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት እርሳቸው ናቸው። ኋላም የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ሕጉ ግን ከእጩዎች ንብረት ይጠይቅ ስለነበር፣ በሩ የተከፈተው በቅድሚያ እንደ እርሳቸው ላሉት ነው። የቤት ሠራተኛዋና የገባሩ ሚስት እዚያ ደጃፍ አልደረሱም።

እማሆይም ከተራራው ወርደው ወደ ፒያኖው ተመለሱ። በ1950ዎቹ ጀርመን ውስጥ ሸክላ አስቀረጹ፣ ገቢውንም ለወላጅ አልባ ልጆች አዋሉ። በኋላ ኢየሩሳሌም ወዳለው ወደ ኢትዮጵያውያን ገዳም ሄደው መጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው እስኪያርፉ እዚያ ኖሩ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ሥራዎቻቸውን «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ 21ኛ አልበም አድርጎ ለዓለም ሲያሰማ 82 ዓመት ሞልቷቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ለንደን ውስጥም ያደምጧቸዋል።