በ12 ዶላር የተገዛ ጀምበር

እ.ኤ.አ. በ1869 ካትሪን ቢቸርና ታናሽ እህቷ ሃሪየት ቢቸር ስቶው ለአሜሪካ የቤት እመቤቶች የምክር መጽሐፍ አሳተሙ። ሳሎንን በትንሽ ገንዘብ ለማስዋብ ከዘረዘሯቸው ሥዕሎች አንዱ አልበርት ቢርስታት የሣለው፣ በምዕራብ አሜሪካ የሚገኘው የዮሰሚቴ ሸለቆ የጀምበር መጥለቂያ ሲሆን የህትመቱ ዋጋ 12 ዶላር ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የዚያው ሠዓሊ አንድ ግዙፍ የዮሰሚቴ ሸራ በ25,000 ዶላር ተሽጦ ነበር። ሁለቱን ዋጋዎች ያራራቃቸው የቦስተኑ አታሚ ሉዊስ ፕራንግ ነው። ምሥራቁን ከምዕራቡ የሚያገናኘው ባቡር የተጠናቀቀው ገና በ1869 ስለነበር፣ ለብዙው ገዢ ዮሰሚቴ ማለት ግድግዳው ላይ የሰቀለው ወረቀት ነበር።

የፕራንግ ዘዴ ክሮሞሊቶግራፊ፣ ህትመቱም በአጭሩ ክሮሞ ይባላል። በለሰለሰ የኖራ ድንጋይ ላይ በቅባታማ ቀለም ይሣላል፤ ድንጋዩ ሲረጥብ የማተሚያው ቀለም ውሃውን ይሸሽና ቅባቱን ብቻ ይይዛል። ለየቀለሙ የየራሱ ድንጋይ ስለሚያስፈልግ፣ አንዱ ወረቀት ማተሚያው ሥር ደጋግሞ ይመላለሳል። ከድንጋዮቹ አንዱ የፀጉር ያህል ቢዛነፍ የተራራው ጠርዝ ድርብ ሆኖ ይወጣል። ሥራው የሠለጠነ ዓይንና እጅ የሚጠይቅ ነበር እንጂ መኪናው ብቻውን የሚተፋው አልነበረም።

ይህ ሁሉ ከንቀት አላዳነውም። በ1874 የ«ኔሽን» መጽሔት አዘጋጅ ጎድኪን፣ በጥቂት ንባብና ንግግር ራሱን እንደ ምሁር የሚቆጥረውን ኅብረተሰብ «የክሮሞ ሥልጣኔ» ብሎ ተሳለቀበት። በእኔ አመለካከት ስላቁ ያነጣጠረው ከህትመቱ ይልቅ ገዢው ላይ ነው፤ ሥዕል መስቀል የጥቂቶች መብት ሆኖ እንዲቆይ የሚፈልግ ሰው ርካሽ ቅጂ አይወድም። ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው። ፕራንግ ወረቀቱን የሸራ ሽመና እንዲመስል ይጫነውና ቫርኒሽ ይቀባው ነበር፤ ወረቀት የዘይት ቅብ መስሎ ሲቀርብ ማስመሰል ነው። በዚህ ተቺዎቹ እውነት አላቸው። ገዢው ዋጋውን ስለሚያውቅ አልተታለለም ቢባልም፣ ዓይኑ ግን የሌለ ብሩሽ እንዲፈልግ ተደርጓል።

ነገር ግን ነቀፋው ህትመትን ሁሉ እንደማይነካ ራሱ ፕራንግ በ1876 አሳይቷል። ሠዓሊው ቶማስ ሞራን በ1871 ጂኦሎጂስቱ ሃይደን ከመራው የጥናት ጓድ ጋር ወደ የሎውስቶን የፍል ውሃ አካባቢ ዘልቆ ነበር፤ ፕራንግ ያን አካባቢና ሌሎች የምዕራብ ተራሮችን የሚያሳዩ 15 የሞራን የውሃ ቀለም ሥዕሎችን አትሞ አወጣ። መነሻው ወረቀት፣ ቅጂውም ወረቀት፤ ሸራ መምሰል አላስፈለገም፤ የፍል ውሃው ቢጫና ሰማያዊ ስስ ቀለም እንደ ስስ ቀለም ታተመ። እርግጥ ጥራዙ ውድ ስለነበር ለእነ ቢቸር አንባቢ የሚቀመስ አልነበረም፤ ይህ ክርክሬን ያጠብበዋል እንጂ አያፈርሰውም። እነዚያ ህትመቶች ዛሬ በሙዚየሞች የሚቀመጡት በራሳቸው ዋጋ ነው።

ዛሬ የዘይት ቅብን በሸራ ላይ አትመው «የሙዚየም ደረጃ» የሚሉ ሻጮች ወደ ፕራንግ የሽመና ማተሚያ ተመልሰዋል። ቀለሙ ለረጅም ዘመን ላይደበዝዝ ይችላል፤ ከጎን ሲታይ ግን የብሩሹ ጉብታ የለም። የውሃ ቀለምን በጥሩ የጥጥ ወረቀት የሚያትመው ከእነሱ የተሻለ ሥራ ይሠራል፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ያነሰ ነው።