የጣርማ በርና የአንኮበር ዳገት በተፈጥሮ ጥናት ታሪክ

የአካባቢን ሥነ ሕይወት የምንማር ሁሉ፣ ዕፀዋትና አራዊት ከአየሩ፣ ከአፈሩና ከሰው ሥራ ጋር ያላቸውን ግንኙነት እንመረምራለን። ለዚህ ትምህርት እንደ ጣርማ በር ያለ ስፍራ ማግኘት ያስቸግራል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው የገብስና የጓሳ አገር ተነሥተን በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት ብንወርድ፣ በዚያው ቀን ማሽላ ከሚዘራበት ቆላ እንደርሳለን። ከቆላው የሚነሣው አየር ገደሉን ሲወጣ ቀዝቅዞ ጉም ስለሚሆን፣ በወፍ ዋሻ ጽዱ፣ ዝግባውና ኮሶው እርጥበት ያገኛል። እንግዲህ ይህን ምድር ማን መረመረው? የተገኘውስ ዕውቀት ወዴት ሄደ?

የዛፍ ዕውቀት ለአገሩ ሰው እንግዳ አልነበረም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት የወፍ ዋሻን ጽድ ዘር አስወስደው በመናገሻ አስተከሉ እየተባለ ሲነገር ኖሯል።

ከውጭ የመጡት ተመራማሪዎች የደረሱት ከዚህ ብዙ ዘመን በኋላ ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1841፣ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከካፒቴን ሃሪስ ጋር ሮት የሚባል የተፈጥሮ ተመራማሪ ወደ አንኮበር መጣ። በ1876 የኢጣልያ ጂኦግራፊ ማኅበር የላከው ኦራዚዮ አንቲኖሪ፣ ንጉሥ ምኒልክ በአንኮበር አጠገብ በሰጡት መሬት ጣቢያ አቋቋመ፤ በ1882 እዚያው እስኪሞት ድረስም አዕዋፍን ሲሰበስብ ቆየ። የሸዋን አዕዋፍ የሚዘረዝረው የሳልቫዶሪ መጽሐፍ በ1884 የታተመው ግን በጄኖቫ ነው። የሸዋን ወፍ ለማጥናት ባሕር መሻገር ግድ ሆነ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ስብስቡ ሙሉ አልነበረም። በዚሁ ገደል የምትኖር፣ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማትገኝ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ በሳይንስ የታወቀችው አንቲኖሪ ከመጣ ከ100 ዓመት በኋላ፣ በ1976 ነው። ጆን አሽ በ1979 ገልጾ ሲጽፋት የአንኮበርን ስም ሰጣት። ከዚህ የምንረዳው፣ ናሙና መሰብሰብና አካባቢን ማጥናት አንድ አለመሆናቸውን ነው። ሰብሳቢው ያየውን ይዞ ይሄዳል፤ አካባቢን የሚያጠና ግን ወፏ የምትበላውን ሣርና የምትጎጆበትን ገደል በየወቅቱ እየተመላለሰ ሊያይ ይገባዋል።

ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ዛሬ በአገር ውስጥ አለ። ብሔራዊው የዕፀዋት ማኅደር በ1959 በአዲስ አበባ ተቋቁሟል፤ በ1980 የተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍም በ2009 ተፈጽሟል። ከጣርማ በር ሩቅ ባልሆነችው በደብረ ብርሃንም ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል። ደኑ እየሳሳ፣ በደጋውም ባሕር ዛፍ እየበዛ ሲሄድ፣ ስሙ ያልታወቀ ፍጥረት ቢጠፋ መጥፋቱን እንኳ የሚያውቅለት አይኖርም። ስለዚህ የእኛ የተማሪዎች ድርሻ ገደሉን በቅርብ ማጥናት፣ የእረኛውንና የገበሬውን ዕውቀት በአክብሮት ጠይቆ መጻፍ፣ የተገኘውንም ለአገሩ ሰው በሚገባው ቋንቋ መልሶ መስጠት ነው።