ጀርባ አንድ ነው
በየካና በእንጦጦ ሥር ሕፃናት አፋቸውን ስለ ፈቱበት መንገድ

የመጽሔታችን አዘጋጆች ለዘንድሮው እትም የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲጠይቁኝ፣ ከእኔ የሚጠበቀው የአንድ ድልድይ ወይም የአንድ ኃይል ማመንጫ ታሪክ እንደ ነበረ አልጠፋኝም። መሐንዲስ ስለ ሕፃናት አንደበት ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖርም አልፈርድበትም። ነገር ግን ተወልጄ ባደግሁበት በየካ ተራራ ግርጌ የሕፃናት ንግግር ታሪክና የማገዶ ታሪክ ከቶ የማይነጣጠሉ ሆነው አገኘኋቸው። ማገዶ ደግሞ የኃይል አቅርቦት ጉዳይ እንደ መሆኑ መጠን ከሙያችን ደጃፍ የራቀ አይደለም። ስለዚህ የማኅበራችን አባላት ጥቂት ይታገሡኝ ዘንድ እለምናለሁ።

አማርኛችን ሕፃን መናገር ሲጀምር «አፉን ፈታ» ይላል። ከዚሁም የተነሣ በብዙ የዓለም ቋንቋዎች «የእናት ቋንቋ» የሚባለውን እኛ «አፍ መፍቻ ቋንቋ» ብለን እንጠራዋለን። አነጋገሩ ግሩም ነው፤ የሕፃን አንደበት እንደ ቋጠሮ የታሰረ መሆኑንና ጊዜውን ጠብቆ የሚፈታ መሆኑን በሁለት ቃል ያስረዳል። ሆኖም አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ የተፈታውን ይናገራል እንጂ የፈታችውን አይናገርም። በዚህ ረገድ የታሪክ መጻሕፍታችንም ከቋንቋችን የተሻሉ አይደሉም። ስለ እንጦጦ ቤተ መንግሥት፣ ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ስለ መንገሣቸው ብዙ ተጽፏል። በዚያው ተራራ ላይ ልጅ አዝለው፣ እሹሩሩ ብለው፣ ቃል ቆርሰው ያጎረሱ እናቶች ግን ከስማቸው ጋር ተረስተዋል።

አካባቢው ስሙን ያገኘው ከእነ ጉለሌና ከእነ ገላን ጋር በፊንፊኔ ዙሪያ ይኖር ከነበረው የኤካ ኦሮሞ ጎሣ ነው። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትቆረቆር የከተማይቱ ሕዝብ እንጨት መቁረጥ ጀመረ፤ አዲሱ ሰፈር በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያው የነበረውን አገር በቀል ደን አራቆተው። የማገዶ ችግሩ እጅግ ከመጽናቱ የተነሣ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ እስከ መነሣት ደርሶ ነበር። በ1880ዎቹ ማብቂያ ገደማ ከአውስትራሊያ የመነጨው ዛፍ ገብቶ ሲተከልና ፈጥኖ ሲያድግ ከተማይቱ ከመሰደድ ዳነች። ከባሕር ማዶ ስለ መጣም «ባሕር ዛፍ» ተባለ። እስከዚህ ድረስ ያለውን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል። ያልተማርነው ግን ባሕር ዛፉ ከተራራው ወደ ከተማው በምን እንደ ወረደ ነው።

የወረደው በሴቶች ጀርባ ነው። ከየካና ከእንጦጦ ጫካ ቅጠል ጠርገው፣ ጭራሮ ለቅመው፣ ሸክሙን በገመድ አስረው ወደ ሾላ ገበያ፣ ወደ ቀበና፣ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚወርዱትን እናቶች ያላየ የአዲስ አበባ ነዋሪ ያለ አይመስለኝም። የአንዲቱ ሸክም ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ይበልጣል። መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፣ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ይወረዳል፣ የደን ጠባቂ ከያዘም ሸክሙ ይወረሳል። ስለ ደን መመናመን፣ ስለ ወገብ ሕመም፣ ስለ ገቢ ማነስ የተጻፉ ጥናቶችን አንብቤአለሁ። በአንዳቸውም ውስጥ ግን ቀላሉን የመካኒክ ነጥብ ጎልቶ አላገኘሁትም፤ ጀርባ አንድ ነው። እንጨት ያዘለች ጀርባ ልጅ ልታዝል አትችልም።

ይህ ለእኔ የወረቀት ላይ ሐሳብ አይደለም። እናቴ እኔ ከመወለዴ በፊትም ሆነ በኋላ ከየካ ተራራ እንጨት እያወረደች ትሸጥ ነበር። ስለ ሕፃንነቴ በጠየቅኋት ጊዜ፣ «አንተንማ ያዘልሁህ በዓል በዓል ነው፤ ሌላውን ቀን የታዘለው እንጨት ነው» ብላ ሣቀች። እኔ ግን አልሣቅሁም። አንቀልባ ልጅ መያዣ ብቻ እንዳልሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። የታዘለ ሕፃን የእናቱን ድምፅ የሚሰማው በጆሮው ብቻ ሳይሆን ደረቱን ከጀርባዋ አጣብቆ በንዝረት ጭምር ነው። እናቲቱ ከጎረቤት ጋር ስትጫወት፣ ከነጋዴ ጋር ስትከራከር፣ አላፊ አግዳሚውን ስትሳለም፣ ሕፃኑ በትከሻዋ ላይ ሆኖ የሰው ልጅ ንግግር እንዴት ተራ እንደሚጠብቅ ያያል። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ዝም ይላል፣ ከዚያም ይመልሳል። ቃላት ከመልመዱ በፊት የሚለምደው ይህን ተራ ነው።

እናቴ ተራራ ስትወጣ እኔ የምቀረው ከስድስት ዓመት እኅቴ ጋር ነበር። የመጀመሪያው ቃሌ «እማ» ሳይሆን «እቴቴ» እንደ ነበረ ይነገረኛል። ከአያቴ ጋር በዋልሁ ቀን ደግሞ የምሰማው ኦሮምኛ ነበር፤ እርስዋ ከተራራው ጀርባ ከሱሉልታ በኩል የመጡ ነበሩና። እንግዲህ አፌን የፈቱት ሦስት ሴቶች ናቸው፤ አንዲቱ ራስዋ ገና የወተት ጥርስዋን ያልጨረሰች።

እዚህ ላይ በውጭው ዓለም ብዙ ያነጋገረ አንድ ጥናት ማንሣት ይገባል። ቤቲ ሃርትና ቶድ ሪስሊ የተባሉ አሜሪካውያን በ42 ቤተሰቦች ውስጥ ለሕፃናት የሚነገረውን ንግግር ሲቀዱና ሲቆጥሩ ቆይተው፣ በእ.ኤ.አ. 1995 ባሳተሙት መጽሐፍ የድኻ ልጅ አራት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ከባለጠጋው ልጅ በ30 ሚሊዮን ያነሰ ቃል እንደሚሰማ ገመቱ። ቁጥሩ ዓለምን ዞረ። በኋላ ግን ሌሎች ተመራማሪዎች የቆጠራውን ወሰን ነቀፉ፤ የተቆጠረው በዋናነት የአንዲት አሳዳጊ ንግግር ነውና፣ በቤቱ ውስጥ ያሉት ሌሎች ሰዎች ሁሉ የሚናገሩት ቢጨመር ልዩነቱ እንደ ተባለው አይሆንም አሉ። በልኬት ሥራ ያለን ሰዎች ይህን ክርክር በቀላሉ እንረዳዋለን፤ መለኪያውን የት እንዳስቀመጥህ ውጤቱን ይወስነዋል። በእኛ ግቢ መለኪያው እናቴ ዘንድ ቢቀመጥ ኖሮ ባዶ ያነብብ ነበር፤ እኅቴ ዘንድ ቢቀመጥ ግን ጆሮ ያደነቁር ነበር። ይህን ስል ግን የእናቴን ድካም ማቃለሌ አይደለም። በየግቢው ለፍላፊ እኅት የላትም። እኅቴም ብትሆን ያን ያህል የለፈለፈችው ትምህርት ቤት መግባት ሲገባት ቤት ስለ ቀረች ነው። የማገዶው ዋጋ ከእናቴ ጀርባ ወደ እኅቴ ጀርባ ተዛወረ እንጂ አልተሰረዘም።

እናቴ ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ያ ዘመቻ በእ.ኤ.አ. 1980 የዩኔስኮን ሽልማት ያገኘ፣ በሂደትም በ15 ቋንቋዎች ያስተማረ ታላቅ ሥራ ነበር። ልጃገረድ ሳለች ያገኘችውን ያን ፊደል ሲመሽ ምድጃ ዳር ለእኛ ትቆጥርልን ነበር። በዚህም ምክንያት ትምህርት ቤት ስገባ ሀ ሁን አውቅ ነበር፤ ውኃ ሲጠማኝ ግን «ቢሻን» እያልሁ የክፍል ጓደኞቼን አሥቃቸው ነበር። ልጅ አፉን በፈታበት ቋንቋ ይማር የሚለው የትምህርት ፖሊሲ የወጣው በ1986 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአገሪቱ ሁሉ በአማርኛ ነበር የሚሰጠው። በሁለት ቋንቋ መካከል ያደገ ሕፃን ግን የትኛው ፖሊሲ እንደሚመለከተው ዛሬም ለመወሰን የሚያስቸግር ይመስለኛል። አንድ ነገር ብቻ እርግጥ ነው፤ ሁለት ቋንቋ መስማት የሕፃንን አንደበት አያስርም። እንዲህ ብለው ወላጆችን የሚያስፈራሩ ሰዎች ዛሬም መኖራቸው ያሳዝናል።

ስለ ፊደል ካነሣን ዘንድ፣ የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ለልጆች አንደበት ስለ ሠሩት መሣሪያ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ተማሪው ሀ ሁን በዜማ ከሸመደደ በኋላ ወደ አቡጊዳ ይሸጋገራል፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ሰንጠረዡን ያስተዋለ እንደሚያየው ንባቡ በአግድም ሳይሆን በሰያፍ ነው፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ተነባቢውም አናባቢውም አብረው ይለወጣሉ። ስለዚህ ዜማው ልጁን ተሸክሞ አያሻግረውም፤ እያንዳንዱን ድምፅ ለይቶ ማወቅና ለይቶ ማውጣት ግድ ይሆንበታል። ፒተር ዳንኤልስ የተባለ አሜሪካዊ የጽሕፈት ሥርዓቶች ተመራማሪ በእ.ኤ.አ. 1990 ይህንኑ ቃል ወስዶ እንደኛና እንደ ሕንዶች ላሉት የጽሕፈት ዓይነቶች ሁሉ መጠሪያ ስላደረገው፣ «አቡጊዳ» ዛሬ የዓለም ቃል ሆኗል።

ከድምፆቻችን ውስጥ ለሕፃን እጅግ የሚከብዱት ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸና ጰ ናቸው። ለሙያ ባልደረቦቼ በምናውቀው ቋንቋ ባስረዳ፣ እነዚህ የፒስተን ድምፆች ናቸው። ከታች የጉሮሮ በር ይዘጋል፣ ከላይ ምላስ ወይም ከንፈር ይዘጋል፤ የተዘጋው ማንቁርት ወደ ላይ ሲገፋ በመካከል የታመቀው አየር ግፊቱ ይጨምራል፣ የላይኛው በር ሲከፈትም ድምፁ ፈንድቶ ይወጣል። ሁለቱን በሮች በአንድ ቅጽበት ማዘዝ ለሦስት ዓመት ሕፃን ቀላል ሥራ አይደለም። «ቆሎ» ሲል «ኮሎ» ቢወጣው ሊሣቅበት አይገባም።

አቡጊዳን ከንባብ ወደ ንግግር ያሻገረችው ደግሞ እናት ናት። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሰው በአዲስ አበባ የውበት ሙያ ትምህርት ቤት የከፈቱ ሴት ነበሩ። ልጃቸው ኦቲዝም ያለበት ነበር፤ ትምህርት ቤቶች አልቀበለውም እያሉ ሲመልሱባቸው፣ በእ.ኤ.አ. 2002 ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል አቋቋሙ። የፊደላችንን ድምፅ መሠረት ያደረገና «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» ብለው የሰየሙትን የማስተማሪያ ዘዴም ቀምረው መናገር ለተሳናቸው ልጆች ተጠቀሙበት። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ልጅ በብዙ ቤት የእርግማን ምልክት ተደርጎ በጓዳ ይደበቅ ነበር። ወይዘሮ ዘሚ በ2013 ዓ.ም. አረፉ። ይህን ያህል ሥራ ለሠሩ ሰው የመታሰቢያው ማነስ ይገርመኛል።

አባባ ተስፋዬን ማን ይረሳል? ተስፋዬ ሣህሉ በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጋር ተነሥተው አርባ ዓመት ያህል ለልጆች ተረት ነገሩ። በ1999 ዓ.ም. ገደማም መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤታቸው ፀሐይ የተባለችውን አሻንጉሊት ቀጭኔ ይዘው ብቅ አሉ። ሁለቱም የሚመሰገኑ ናቸው፤ ነገር ግን ቴሌቪዥን ልጁ የመለሰለትን አይሰማም። የዛሬው የእጅ ስልክማ ከዚያም ይብሳል፤ አባባ ተስፋዬ ቢያንስ ጥያቄ ጠይቀው ዝም ይሉ ነበር።

ወደ ራሴ ቤት ልመለስ። ልጃችን ሁለት ዓመት ተኩል ሲሆነው ከአምስት የማይበልጡ ቃላት ብቻ ነበሩት። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የሕክምና ተቋም «ወንድ ልጅ ይዘገያል» ብሎ ሳይመረምር መለሰን፤ እኔም በደስታ ተቀበልሁት። ባለቤቴ ግን አልተቀበለችም። «ፊቴን ሲያይ ይሰማኛል፣ ከኋላው ስጠራው ግን አይዞርም» አለችኝ። እኔ በሙያዬ የምመካው ሰው ያላደረግሁትን ሙከራ እርስዋ በወጥ ቤት ውስጥ አድርጋ፣ ቀኑን በደብተር ጽፋ አስቀምጣ ነበር። ይህን ለመቀበል ስድስት ወር ፈጀብኝ። በሌላ ቦታ የመስማት ምርመራ ሲደረግለት ከጆሮው ታምቡር በስተኋላ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ተገኘ። ታምቡሩ በአየር ፈንታ ፈሳሽ ሲገፋ ንዝረቱ ይታፈናል፤ ሕፃኑ ንግግርን የሚሰማው በትራስ ውስጥ እንዳለ ሰው ነበር። ታከመ። ስድስቱ ወር ግን አይመለሱም፤ የሚዘገይ ልጅ ያላቸው ባልደረቦቼ ከሁሉ አስቀድመው ጆሮውን ያስመርምሩ።

ቆቃ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ጀምሮ እኛ መሐንዲሶች ሜጋዋት እንቆጥራለን። የሕዳሴው ግድብ በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ሲመረቅም ቆጥረናል፤ ደስታችንም ተገቢ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ በእናቴ ቤት የገባው ግን እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው። ከተራራው በላይ የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ በግርጌው ባለው መንገድ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ዛሬም ይታያሉ። አንዲት እናት ከጫካ ስትቀር ለልጅዋ የሚተርፈውን ሰዓት በየትኛው የፕሮጀክት ጥናታችን ውስጥ አስገብተነው እናውቃለን? እኔ ራሴ ከተሳተፍሁባቸው ሁለት ጥናቶች በአንዱም ውስጥ አላስገባሁትም።

ዛሬ የእናቴ ጀርባ ነጻ ነው። ባለቤቴና እኔ ሥራ ስንውል ልጃችንን በነጠላ አዝላ ግቢውን ስትዞር ትውላለች። ያደገ ልጅ አይታዘልም ብንላትም አልሰማችንም፤ የተረፈባትን የምትከፍል ይመስላል። የባለቤቴ ደብተር አሁን ሁለተኛው ሆኗል። ባለፈው ሳምንት ገልጬ ሳየው በመጨረሻው መስመር ላይ ቀኑና ቃሉ ብቻ ነበሩ፤ «ቢሻን»። ከጎኑ በትንንሽ ፊደል፣ «ከእማማ» ይላል።