አባቱን ያዘለው ንጉሥ

በጥንቷ ቻይና፣ ሼ በምትባል ግዛት፣ አንድ ሰው በግ ሰረቀ። የገዛ ልጁ ሄዶ መሰከረበት። የሼ ገዥ በዚህ ልጅ ኮራ፤ ኮንፊሺየስን ባገኘው ጊዜም ያወራለት በአገሩ እንዲህ ያለ ቀጥተኛ ሰው መገኘቱን ነበር። ፈላስፋው ግን አልተደነቀም። የእሱ አገር ሰዎች ቅን የሚሉት አባትና ልጅ አንዱ የሌላውን ገመና ሲሸፍን እንደሆነ ነግሮት ወሬውን ዘጋው።

ይህችን አጭር ታሪክ መጀመሪያ ያነበብኳት ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ በርካሽ በገዛሁት የእንግሊዝኛ ትርጉም ላይ ነው። ተናድጄ መጽሐፉን እንደ ዘጋሁት ትዝ ይለኛል። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ከያዝኩ ሁለት ዓመት አልሞላኝም ነበር፤ እውነት የሚባለው ነገር አባትና እናት የለውም ብዬ የማምንበት ጊዜ ነው። ሌባ ዘመድን መደበቅ ቅንነት ነው ብሎ የሚያስተምር ሰው ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት ሊቅ ሲባል ኖረ?

በኋላ ሳነብ የተናደድኩት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ገባኝ። ቻይናውያን ራሳቸው በዚህች በግ ምክንያት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ተከራክረዋል። (እግረ መንገዴን፦ ከዚህ በታች የምጠራቸው የጥንት ዓመቶች ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ያሉ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።) በ239 ዓመት ገደማ የቺን መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ሉ ቡዌይ ሊቃውንት ሰብስቦ ባስጻፈው መጽሐፍ ታሪኩ ቅጥያ ተጨምሮለታል። ልጁ አባቱን ካስያዘ በኋላ፣ አባትየው ሞት ሲፈረድበት እኔ ልሙትለት ብሎ ቀረበ። ሊገደል ሲልም አባቱን መጠቆሙ ታማኝነት፣ በአባቱ ፈንታ መሞቱ ደግሞ የልጅነት ግዴታ መሆኑን፣ እንዲህ ያለ ሰው ከተገደለ በአገሩ ማንም ከሞት እንደማይተርፍ ለሹሙ አስረዳ። ንጉሡም ማረው። ኮንፊሺየስ ይህን ሲሰማ፣ ሰውዬው በአንድ አባት ሁለት ጊዜ ስም መሸመቱ ገረመው ይላል ጸሐፊው። እኔም ሳነበው ሳቄ መጣ። መቼም እንዲህ ያለ ሰው በየዘመኑ አይጠፋም።

ሃን ፌይ ግን የሚያስቅ ሰው አይደለም። በእሱ አተራረክ ጠቋሚው ልጅ ተገደለ፤ ለጌታው ቢቀናም ለአባቱ ጠማማ ነው ተብሎ። ከዚህ ጎን ሌላ ታሪክ ያስቀምጣል። አንድ የሉ አገር ሰው ሦስት ጊዜ ዘምቶ ሦስት ጊዜ ከጦር ሜዳ ሸሸ። ቢጠየቅ፣ ሽማግሌ አባት እንዳለውና እሱ ቢሞት ጧሪ እንደሚያጣ ተናገረ። ኮንፊሺየስም ይህን የመሰለ ልጅ ሹመት ይገባዋል ብሎ አስሾመው። ሃን ፌይ ከዚህ በኋላ ሒሳቡን ያወራርዳል፦ ከግድያው ወዲህ ወንጀል የሚጠቁም ሰው ጠፋ፤ ከሹመቱ ወዲህ የሉ ሰዎች እጅ መስጠት ቀለላቸው። በእሱ ስሌት የአባትና የንጉሥ ጥቅም ፈጽሞ አይገጥምም፤ ሁለቱንም በአንድ አፍ የሚያወድስ መንግሥት ራሱን ያታልላል። ሃን ፌይ በ233 በቺን እስር ቤት ሞተ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ቆይቶ ቺን የእሱን ዓይነት ሐሳብ ይዞ ቻይናን በሙሉ ጠቀለለ፤ ነገር ግን ዐሥራ አምስት ዓመት ብቻ ገዝቶ ወደቀ።

ክርክሩን ሕጉ በኋላ ለኮንፊሺየስ ፈርዶለታል ማለት ይቻላል። በ66 የሃን ንጉሠ ነገሥት ሹዋን ወላጁን የሸሸገ ልጅ፣ ባሏን የሸሸገች ሚስት እንዳይከሰሱ አዋጅ አወጣ። የሐሳቡ ጥላ እስከ ዛሬ ደርሷል፤ በ2012 የተሻሻለው የቻይና የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የተከሳሽን ወላጅ፣ ልጅና የትዳር ጓደኛ አስገድዶ ፍርድ ቤት ለምስክርነት ማቅረብን ከልክሏል።

ይህ ሁሉ ግን ለተራ ሰው ነው። ልጁ ራሱ ዳኛ ቢሆንስ? ንጉሥ ቢሆንስ? እኔን ዕረፍት የነሣኝ ይኸኛው ጥያቄ ነው።

ከ515 እስከ 489 ቹ በተባለው አገር ጃኦ የሚባል ንጉሥ ነበር። ሺ ሼ የሚባል፣ በቀጥተኛነቱ የታወቀ ሚኒስትር ነበረው። ሺ ሼ አገር ሲጎበኝ መንገድ ላይ ሰው ተገደለ። ገዳዩን አሳድዶ ቢደርስበት የገዛ አባቱ ሆኖ ተገኘ። ለቀቀውና ተመልሶ ራሱን አሰረ፤ ለንጉሡም የሆነውን ሁሉ ላከበት። ንጉሡ ደግ ሰው ነው፤ ነገሩን አሳድዶ እንዳልደረሰበት ቆጥሮ ወደ ሥራው እንዲመለስ አዘዘው። ሺ ሼ እምቢ አለ። ምሕረቱ የንጉሡ ቸርነት፣ ቅጣቱን መቀበል ደግሞ የእሱ የሹሙ ድርሻ እንደሆነ ተናግሮ አንገቱን በእጁ ቆርጦ ሞተ። ልብ በሉ፣ አባቱን መልቀቁን አልካደም፤ አልተጸጸተምም። ዕዳው የማን እንደሆነ ብቻ ነው የተናገረው።

ቻይናውያን ለወላጅ ያለን ፍቅርና ግዴታ ሺያኦ ይሉታል። የሚጻፍበት ምልክት ከላይ ሽማግሌ፣ ከታች ልጅ ነው፤ ልጁ ሽማግሌውን ተሸክሞ የቆመ ይመስላል። ይህን ምልክት ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ሹን ነው።

ሹን በአፈ ታሪክ እንጂ በሌላ ማስረጃ የማይታወቅ የጥንት ንጉሥ ነው። አባቱ ዐይነ ስውርና ክፉ፣ የእንጀራ እናቱ ከአባቱ የከፋች፣ ከእሷ የተወለደው ወንድሙ ሺያንግ ደግሞ የሁለቱ ድምር ነበር። ንጉሥ ያኦ ዙፋኑን የሚረከበው ሰው ሲፈልግ፣ እንዲህ ካለ ቤት ወጥቶ ወላጆቹን ሳይጠላ የኖረውን ሹን መረጠ፤ ሁለት ልጆቹንም ዳረለት። ቤተሰቡ ግን አልተለወጠም። አባቱ የጎተራውን ጣሪያ እንዲጠግን ልኮት ከሥር እሳት ለቀቀበት፤ ሹን ሁለት ሰፋፊ ባርኔጣዎችን እንደ ክንፍ ይዞ ዘለለ። ጉድጓድ እንዲቆፍር አድርገው አፈር መለሱበት፤ እሱ ግን አስቀድሞ በጎን መውጫ አበጅቶ ኖሯል። ሺያንግ ወንድሙ የሞተ መስሎት ንብረቱን ተከፋፈለ፦ ከብቱና ጎተራው ለወላጆቹ፣ በገናውና ሁለቱ ሚስቶች ለራሱ። ወደ ቤቱ ዘው ቢል ሹን ተቀምጦ በገናውን ይደረድራል። ሺያንግ አፍሮ፣ ናፍቄህ ነው የመጣሁት ዓይነት ነገር አጉረመረመ። ሹንም በደስታ ተቀበለው።

በአራተኛው ክፍለ ዘመን የኖረውን ፈላስፋ ሜንሺየስን አንድ ተማሪው የጠየቀው ይህን ሁሉ ይዞ ነው። ሹን ነግሦ፣ ጋኦ ያኦ የተባለው ጻድቅ ሰው ዳኛ ሆኖ ሳለ፣ የንጉሡ አባት ሰው ቢገድል ምን ይደረጋል? ሜንሺየስ ሳያመነታ፣ ዳኛው ያስረዋል አለ። ሹን አይከለክለውም? በምን ሥልጣን ይከለክለዋል፤ ሕጉ ለዳኛው በአደራ የተሰጠ ነው። ታዲያ ሹን ምን ያደርጋል? መልሱ እንዲህ ነው፦ ሹን ንጉሥነቱን እንዳለቀ የሣር ጫማ ይጥለዋል፤ አባቱን በስውር አዝሎ ይሸሻል፤ በባሕር ዳርቻ ተቀምጦ፣ መንግሥት የሚባል ነገር እንደ ነበረው እንኳ ረስቶ፣ ደስ ብሎት ይኖራል።

አባትየው ያ ጉድጓድ የደፈነው ሰው መሆኑን አንርሳ።

ብዙ ሰው ይህን አንብቦ፣ ቻይናውያን ከሕግ ይልቅ ዘመድ ያስቀድማሉ ይላል። እኔም ብዬ ነበር። ለሁለተኛ ጊዜ ሳነበው ግን ዐይኔ ያረፈው በጫማው ላይ ነው። ንጉሡ ዳኛውን አልሻረም፤ ምሕረት አልጻፈም፤ ወታደር አልላከም። አባቱን ለማዳን የተጠቀመው በጀርባው ብቻ ነው።

እኔን ያሳደጉኝ አጎቴ ናቸው። ወፍጮ ቤትና የበርበሬ መሸጫ ነበራቸው። በአንድ ጋዜጣ ተቀጥሬ በምሠራበት ጊዜ፣ በርበሬ ላይ የሸክላ ዱቄት ስለሚቀላቅሉ ነጋዴዎች እንድጽፍ ታዘዝኩ። በተሰጠኝ የጥቆማ ዝርዝር ላይ አራተኛው የአጎቴ ወፍጮ ነበር። ለአለቃዬ ትንፍሽ አላልኩም። አሞኛል ብዬ ቀረሁ፤ ሥራው ለባልደረባዬ ተሰጠ። መቅረት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። በዋዜማው ማታ አጎቴ ቤት ሄድኩ። «ጋሼ፣ ነገ ሰው ይመጣል» አልኳቸው። ዝም ብለው ትንሽ አዩኝና «አንተ ልጅ፣ እራት በልተሃል?» አሉኝ። በማግሥቱ ባልደረባዬ ወፍጮውን ተጠርጎና ተወልውሎ አገኘው። ጽሑፉ ሲወጣ የሌሎቹ ስም ነበረበት፤ የአጎቴ አልነበረበትም። እኔም በወሩ መጨረሻ ደመወዜን ፈርሜ ተቀበልኩ። አጎቴ እስኪሞቱ ድረስ ያችን ማታ አላነሱብኝም፤ እኔም አላነሳሁባቸውም።

ያኔ ያ የተናደድኩበት ኮንፊሺየስ ደረሰልኝ። አባት የሆነኝን ሰው ሸፈንኩ፣ ምን ነውር አለው ብዬ ተጽናናሁ። ሜንሺየስን እንደገና ባላነብ ኖሮ እንደ ተጽናናሁ እቀር ነበር። ሹን አዝሎ የሄደው ወንበሩን ለቆ ነው። እኔ ወንበሬ ላይ እንደ ተቀመጥኩ ነው ያዘልኩት።

ሜንሺየስም ቢሆን ሁልጊዜ ይህን ያህል ጥብቅ አይደለም። ሹን ሲነግሥ ያን ሊገድለው የሞከረ ወንድሙን ዮቢ በተባለ አገር ላይ ሾሞታል ይባላል። ሌላ ተማሪ፣ የዮቢ ሕዝብ ምን በደለ ብሎ ጠየቀ። ሜንሺየስ የሰጠው መልስ ሺያንግ በስም እንጂ በተግባር እንዳልገዛ፣ አስተዳደሩና ግብሩ በሌላ ሹም እጅ እንደነበረ ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ መልስ አልዋጥ ብሎኛል። የዮቢ ገበሬ ግብሩ ሄዶ ሄዶ ለማን እንደሚደርስ ያውቃል።

ሹን አፈ ታሪክ ነው። በእውነት የነገሠ፣ በሁለቱም ግዴታ መካከል የቆመ ሰው ካስፈለገ ከ180 እስከ 157 የገዛው የሃን ንጉሠ ነገሥት ዌን አለ። የሥርወ መንግሥቱ መሥራች የሊዩ ባንግ ልጅ ነው፤ ጠላቱ አባቱን ማርኮ እቀቅለዋለሁ ብሎ ቢያስፈራራው፣ እንግዲያው ከመረቁ ለእኔም ላክልኝ ብሎ መለሰ የሚባለው የዚያው ሊዩ ባንግ። ልጁ በዚህ አባቱን አልመሰለም። እናቱ ሦስት ዓመት ስትታመም ልብሱን ሳያወልቅ አስታመማት፤ መድኃኒቷን አስቀድሞ በራሱ ምላስ ሳይቀምስ አይሰጣትም ነበር ይባላል። በኋላ ዘመን በተጻፈው የሃያ አራቱ ደጋግ ልጆች ታሪክ ውስጥ ከሹን ቀጥሎ የተቀመጠው እሱ ነው።

በ170 ግን የዚህችው እናት ወንድም ቦ ጃኦ የመንግሥት መልእክተኛ ገደለ። ዌን አጎቱን በአደባባይ ማስገደል ከበደው። ሹማምንት ልኮ አብረውት እንዲጠጡና ራሱን እንዲያጠፋ እንዲነግሩት አደረገ። ቦ ጃኦ እምቢ አለ። ከዚያ ንጉሠ ነገሥቱ ባለሥልጣኖቹን ሁሉ የሐዘን ልብስ አልብሶ ወደ ቤቱ ሰደዳቸው፤ ሰውዬው በሕይወት ተቀምጦ ሳለ ለቅሶ ተቀመጡለት። ያን ጊዜ ራሱን ገደለ። በዚያ ቀን በቤተ መንግሥቱ ውስጥ እናትና ልጅ ምን እንደ ተነጋገሩ ለማወቅ ብዙ በሰጠሁ ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ167፣ ቹንዩ ዪ የተባለ የቺ አገር ሐኪም ተከሶ አካል የሚያጎድል ቅጣት ተፈረደበት። አምስት ሴቶች ልጆች እንጂ ወንድ አልነበረውም። ታስሮ ሲወሰድ፣ ለክፉ ቀን የሚሆን ወንድ ልጅ ባለመውለዱ ልጆቹን ተቆጣ። ትንሿ ልጁ ቲ-ዪንግ እያለቀሰች እስከ ዋና ከተማው እስከ ቻንግአን ተከተለችው፤ መንገዱ ወደ አንድ ሺሕ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለንጉሠ ነገሥቱ ባቀረበችው አቤቱታ፣ አንዴ የተቆረጠ አካል ተመልሶ እንደማይቀጠልና የተቀጣ ሰው መታረም ቢፈልግ እንኳ መንገዱ እንደሚዘጋበት አስረድታ፣ በአባቷ ፈንታ የመንግሥት ባሪያ ልሁን አለች። ዌን ባወጣው አዋጅ ጥፋቱን ወደ ራሱ መለሰ፤ ሕዝቡን ሳያስተምር የሚቀጣ ገዥ እሱ ነውና። ፊት ላይ መነቀስ፣ አፍንጫና እግር መቁረጥ ቀሩ። በምትካቸው የመጣው ግርፋት ግን እስከ አምስት መቶ ይደርስ ስለነበር ብዙ ሰው ሥሩ ሞተ፤ ቁጥሩን የቀነሰው ልጁ ጂንግ ነው።

ይህን የልጅቷን ታሪክ ያቆየልን ሲማ ቺየን የሚባል የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ነው። የሺ ሼንም የጻፈው እሱ ነው። አባቱ ሲማ ታን በ110 ሊሞት ሲል እጁን ይዞ እያለቀሰ፣ የጀመረውን ታላቅ የታሪክ መጽሐፍ እንዲጨርስለት ለምኖት ነበር። በ99 ሊ ሊንግ የተባለ የጦር አዛዥ ለጠላት እጁን ሲሰጥ ሲማ ቺየን ስለ እሱ በንጉሠ ነገሥቱ በዉ ፊት ተከራከረ። ዉ የዌን የልጅ ልጅ ነው። በሲማ ቺየን ላይ ሞት ተፈረደ። ሞቱን በገንዘብ መዋጀት ይቻል ነበር፤ ገንዘቡ አልነበረውም። የቀረው አማራጭ መሰለብ ነው። በዚያ ዘመን ክብር ያለው ሰው ራሱን ይገድላል፤ ከወላጅ የተቀበሉትን አካል ማስጎደል ደግሞ ለልጅ ከውርደት ሁሉ የከፋ ነው። ሲማ ቺየን መሰለቡን መረጠ፤ የአባቱ መጽሐፍ አላለቀም ነበርና። ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ ወደ ወላጆቹ መቃብር የሚወጣበት ፊት እንደሌለው ይናገራል።

መጽሐፉ ግን አለቀ፤ 130 ምዕራፍ ሆነ። ቲ-ዪንግ በሁለት ምዕራፎች ውስጥ ትገኛለች፤ አንዴ በዌን ዜና መዋዕል፣ አንዴ በአባቷ ታሪክ። አቤቱታዋን ጽፏል፤ አዋጁንም ጽፏል። በዚያ ቦታ ላይ ስለ ራሱ ያለው ነገር የለም።