ኮምፒዩተሩ ያጭበረብራል? የመኪና ውድድር ጌሞች አጭር ታሪክ

ጉለሌ ውስጥ፣ ሽሮ ሜዳም ይሁን አዲሱ ገበያ፣ ጌም ቤት ገብቶ በመኪና የተሽቀዳደመ ሁሉ ይህችን ክስ ያውቃታል፦ «ኮምፒዩተሩ ያጭበረብራል!» ሦስት ዙር ሙሉ ስትመሩ ቆይታችሁ መጨረሻው ኩርባ ላይ ከየት መጣ ያልተባለ መኪና ሽው ብሎ ያልፋችኋል። የከፈላችሁትም ብር አብሮ ሄደ። የተሸናፊ ሰበብ ትመስላለች አይደል? ክሷ ግን ብዙ ጊዜ እውነት ነበረች። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ላይ ተቀናቃኝ የሚባል ነገር አልነበረም። አታሪ በ1974 ባወጣው ግራን ትራክ 10 ተጫዋቹ የሚሽቀዳደመው ከሰዓት ጋር ብቻ ነው። በ1982 የወጣው የናምኮ ፖል ፖዚሽን ሌሎች መኪኖችን መንገዱ ላይ ለቀቀ፤ እነሱም ቢሆኑ አስበው የሚነዱ ሹፌሮች ሳይሆኑ የሚንቀሳቀሱ እንቅፋቶች ነበሩ።

ምክንያቱ የማሽኑ አቅም ነው። የአንድን መኪና ጎማ፣ ክብደትና ፍሬን በሰከንድ ብዙ ጊዜ ማስላት ራሱ ከባድ ነበር፤ የሁሉንም መኪኖች ማስላትማ የማይታሰብ። ስለዚህ በብዙ ጌሞች የፊዚክስ ሕግ የሚገዛው የእናንተን መኪና ብቻ ሆነ። ሌሎቹ በማይታይ ሐዲድ ላይ እንዳለ ባቡር ይሄዳሉ፤ አይንሸራተቱም።

እስቲ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን መንገድ ጌም እናድርገው። ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያነሰ ነው፤ እንጦጦ አናት ላይ፣ ከ3000 ሜትር በላይ፣ ደግሞ ይብስበታል። ተርቦ የሌለው ሞተር በቂ ኦክስጅን ስለማያገኝ ጉልበቱ ይቀንሳል። ቁልቁል ሲመለስ ፍሬኑ ይግላል፣ ይደክማል። የእናንተ መኪና ይህን ሁሉ ችግር ችሎ ሲያቃስት፣ በሐዲድ የሚሄደው ተቀናቃኝ አየር ቀጠነ አልቀጠነ ጉዳዩ አይደለም። ይህ የመጀመሪያው ማጭበርበር ነው።

ሁለተኛው ደግሞ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ስትቀድሙ ተቀናቃኙ ፍጥነት ይጨመርለታል፣ ወደ ኋላ ስትቀሩ ይቀነስበታል፤ በማይታይ ላስቲክ የታሰራችሁ ያህል። በ1992 የወጣው የኔንቲዶ ሱፐር ማሪዮ ካርት በዚህ ይታወቃል። እዚያ ላይ እናንተ መሣሪያ የምታገኙት መንገድ ላይ ስታነሱ ሲሆን፣ ኮምፒዩተሩ የሚነዳቸው ግን የራሳቸው የማያልቅ መሣሪያ ነበራቸው! እኔ በበኩሌ ይህን ክፋት አልለውም። ብቻውን የሚመራ ሰው ቶሎ ይሰለቸዋል፤ ላስቲኩ ጨዋታውን እስከ መጨረሻው ያሞቀዋል። እውነተኛ ነጂነትን እናስመስላለን ለሚሉ ጌሞች ግን ነውር ነው። ኩርባውን በሚገባ መያዝ ካላስገኘ ልምምዱ ለምን ይጠቅማል?

ማሽኖቹ ሲጎለብቱ ተቀናቃኞችም በፊዚክስ ሕግ መተዳደር ጀመሩ። በ2005 ማይክሮሶፍት ፎርዛ ሞተርስፖርት ላይ ድራይቫታር የተባለ ዘዴ አመጣ፤ ኮምፒዩተሩ አነዳዱን ከተጫዋቹ ይማራል። በ2013 በወጣው ፎርዛ 5 ድራይቫታሮቹ በኢንተርኔት ከብዙ ሰዎች መማር ጀመሩ። ታዲያ ምን ተማሩ? መጋጨትም ጭምር። ብዙ ተጫዋቾች አማረሩ፤ የሚገርመው ግን አስተማሪዎቹ ራሳችን መሆናችን ነው። ኩርባ ላይ ፍሬን ከመያዝ ይልቅ የጎን መኪና ላይ ተደግፎ መዞርን ማን የማያውቅ አለ? ተቀናቃኙ ቢናገር ኖሮ እሱም ክስ ነበረው።

እዚህ ላይ ነው ጥያቄው የተቀየረው። እኩል መኪና መስጠት በስሌት አቅም ተፈታ፤ ጨዋ አነዳድስ እንዴት ይሰላል? የሶኒ ተመራማሪዎች ግራን ቱሪስሞ ላይ ያሠለጠኗት ሶፊ የምትማረው በነጥብ ነው፦ ወደፊት ስትሄድ ታገኛለች፣ ከመንገድ ስትወጣ ወይም ስትጋጭ ታጣለች። የግጭት ቅጣቱ ካነሰ ገፍታ ታልፋለች። ከበዛ ደግሞ ፈሪ ትሆንና ደርባ ለመቅደም አትደፍርም። በዚያ ላይ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ የሚወስን ቁርጥ ያለ ቀመር የለም፤ ሁለት ታክሲዎች ሲነካኩ ትራፊክ ፖሊሱ ፊት የሚነሳውን ክርክር አስቡት።

በሐምሌ 2021 አራት የሶፊ መኪኖች ከአራት የጃፓን ምርጥ ተጫዋቾች ጋር በቡድን ገጠሙና 86 ለ70 ተሸነፉ። ብቻዋን ከሰዓት ጋር ስትነዳ ከሰው ትፈጥን ነበር፤ ያቃታት ከሌሎች ጋር መንገድ መጋራት ነው። ተመራማሪዎቹ ሥልጠናዋን አሻሻሉ፤ የምትለማመድባቸውን ተቀናቃኞችም ለወጡ። በጥቅምት በድጋሚ ሲገናኙ 104 ለ52 አሸነፈች። ጥናቱ በየካቲት 2022 ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ።

በ2023 ሶፊ ግራን ቱሪስሞ 7 ውስጥ ገባች፤ ለጀማሪ፣ ለመካከለኛና ለባለሙያ የተለያየ ውድድር ተዘጋጀ። አንድ ለአንድ የሚገጥሟትም ነበሩ፦ መኪናው ያው፣ ማስተካከያው ያው፣ ላስቲክ የለም። አብዛኛው ሰው ግን አሁንም ተሸነፈ፤ የሚከስሰው ብቻ አጣ።